ሹፌሩ ይቅደም!

ኩርባ ላይ ድፍን መስመር የሚያሰምር መሐንዲስ ዓባይ በረሃን በዶልፊን ወርዶ አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ቀለሙን ባላባከነ ነበር። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን፣ ቁልቁለትና ዳገቱ ተደምሮ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያን ሁሉ መንገድ የተሳቢ ጭስ እየማጉ መከተል ለእኛ ሹፌር አይመጥንም። እሱ ተራራ አሻግሮ የማየት ጸጋ አለው። ከኩርባው ወዲያ መኪና እንደሌለ በምን አወቀ? ክላክስ አደረገ፣ መልስ የለም። መልስ ከሌለ መኪና የለም፤ ግራውን ይዞ ይወጣል።

ነገረኛ የሒሳብ መምህር አብሮ ከተሳፈረ ሊያደክመን ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሲመጡ በየሰከንዱ 33 ሜትር ይቀራረባሉ፤ ተሳቢ ደርቦ ለማለፍ 10 ሰከንድ ቢፈጅ 330 ሜትር ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። ኩርባው የሚያሳየው 50 ሜትር ቢሆን ነው። መምህሩ የዘነጋው መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሥዕል ነው፤ የቀረውን 280 ሜትር ቅዱሳኑ ይሸፍኑታል።

እኛ ተሳፋሪዎችም አናሳፍርም። ተርፈን ስናልፍ «እጁ ይባረክ!» እንላለን። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ኧረ ልጄ ቀስ በል፣ ልጆች አሉኝ» ሲሉ ረዳቱ «አይፍሩ እማማ፣ ለምዶታል» ይላቸዋል። እውነቱን ነው። ከፊት የሚመጣው ሲኖትራክም ለምዶታል።

ደጀን ላይ ለምሳ እንወርዳለን። ጥብሱ ሳይቀርብ ያ በነፍሳችን ተወራርደን የቀደምነው ተሳቢ ቀስ እያለ በሆቴሉ በር ያልፋል። ከምሳ በኋላ እንደገና መቅደም ግድ ነው።

ባሕር ዳር ስንደርስ ደግሞ ብስክሌተኛው ይጠብቀናል። ጠርዙን ይዞ መሄዱን እንደ ውለታ ይቆጥረዋል። ሹፌራችን በክርኑ ሥር ታክኮ ሲያልፍ ደንግጦ ቢንገዳገድ ጥፋተኛው ማነው? ባለ ሁለት ጎማው ነዋ! (በጨለማ ያለ መብራት የሚነዳውና የጭነት መኪና ጭራ ይዞ ዳገት የሚወጣው ብስክሌተኛ ግን የሹፌራችን የመንፈስ ልጅ ነው፤ እሱን አንነካውም።)

ስንገለበጥ ዜናው «የአደጋው መንስኤ እየተጣራ ነው» ይላል። ምኑ ይጣራል? ከጎኑ ተቀምጠን እጁን ስንባርክ የነበርነው እኛ ነን። ተሳፋሪ ሆይ፣ ሒሳብ የከፈልከው አንተ ነህ፤ «ወራጅ አለ!» ማለት እስካሁን አልተከለከለም።