ጭሱ ከማድቤት እንዳይወጣ ከፈለጉ

እንጀራ የሚጋገርበት የቆየ ምድጃ አለዎት እንበል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ የተሠራ፣ ምጣዱ ላዩ ላይ የሚቀመጥ፣ ከኋላው በላሜራ ቱቦ ጭሱን ከጣሪያ በላይ የሚያወጣ። አዲስ ሳለ ማድቤቱ ንጹህ ነበር። ዛሬ ጋጋሪዋ አንድ እንጀራ ባወጣች ቁጥር ዐይኗን እየጠረገች በር ላይ ትቆማለች። ይህ እንዲቀጥል የሚፈልግ የሚከተለውን ያድርግ፤ የማይፈልግ ተቃራኒውን። የምክሩ መልክ ፌዝ ይሁን እንጂ ነገሩ የሰው ሕይወት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው።

ሥራውን ጥፋቱን በጋጋሪዋ ላይ በማላከክ ይጀምሩ። «እሳት ማንደድ አታውቅም» ካሉ በኋላ ቱቦውን ቀና ብሎ የሚያይ አይኖርም። ብዙ ቤት ጭሱ ዓመት ከዓመት የሚኖረው በዚህ ምክንያት ነው፤ የዐይን መቅላቱና ሳሉ የሴት ዕጣ ተደርጎ ይቆጠራል። አይደለም። ምድጃ የሚጨሰው አየር የሚገባበት ወይም ጭስ የሚወጣበት መንገድ ሲበላሽ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ይጠገናል።

ከዚያ ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ዛሬ ይማግዱ። ገና የተቆረጠ እንጨት ከክብደቱ እስከ ግማሽ የሚደርሰው ውሃ ሊሆን ይችላል። ፍልጡ ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ «ስስስ» ሲል የሚሰሙት ያ ውሃ ነው። እሳቱ ጉልበቱን ምጣዱን በማስማት ፈንታ ውሃውን በማትነን ይጨርሳል፤ ቱቦው ውስጥ የሚገባውም ጭስ ለብ ያለ ይሆናል። ጭስ በቱቦ ወደ ላይ የሚሄደው ከውጭው አየር ስለሚሞቅና ስለሚቀል ብቻ ነውና ለብ ያለው ጭስ ወደ ማድቤቱ ይመለሳል። በደንብ የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ይሰነጣጠቃል፤ ሁለቱን ሲያጋጩት ቀጭንና ጥርት ያለ ድምፅ ያወጣል። ለዚያ ግን ተፈልጦ፣ ዝናብ በማይነካውና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተደርድሮ ወራት መቆየት አለበት። ክረምት ከገባ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም።

የምድጃውን አፍ እስኪሞላ ይጠቅጥቁት፤ የትናንቱን አመድም አይዛቁት። አየር መግቢያ ያጣ እሳት ነበልባሉ ይጠፋና ጭሱ ብቻ ይቀራል። ያኔ አንገትዎን ደፍተው እፍ ይበሉ፤ እያንዳንዱ እፍታ ሲመለስ ጭሱን የሚስቡት በራስዎ ሳንባ ነው። ሁለት ሦስት ቀጫጭን ፍልጥ ከአፉ ወለል ላይ ክፍተት ትቶ ቢገባ እፍ ማለትም አያስፈልግም ነበር።

ስንጥቁን ይተዉት። ከሁሉ ችላ የሚባለው እሱ ነው፤ ጉዳቱን ብዙ ሰው የሚረዳው በግማሽ ነውና። ምድጃው የሚሠራው ከተገጣጠሙ ክፍሎች ነው፤ መጋጠሚያው ላይ የተመረገው ጭቃ በጊዜ ብዛት ይረግፋል፤ የምጣዱም ዙሪያ ክፍተት ያበጃል። ሰው በስንጥቁ ጭስ ሲወጣ ያያል እንጂ ቀዝቃዛ አየር ሲገባበት አያይም። የገባው አየር እሳቱን ሳያገኘው አቋርጦ ወደ ቱቦው ይሄዳል፤ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስበቱን ያደክመዋል። ማረጋገጥ ከፈለጉ እሳቱ ጥሩ ሲነድ ጧፍ ያብሩና በመጋጠሚያዎቹ ዙሪያ ቀስ አድርገው ያዙሩት። ጤነኛ ቦታ ላይ ነበልባሉ ቀጥ ይላል። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ሲደርስ ወደ ምድጃው ዘንበል ይላል፤ አንዳንዴም ስቦ ያጠፋዋል። እዚያው ላይ በከሰል ምልክት ያድርጉ፤ ምድጃው ሲበርድ ጭድ በገባበት ጭቃ ይምረጉት። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ወጪውም የለም።

ወደ ቱቦው እንምጣ። አጭር ያድርጉት፤ ጫፉ ከጣሪያው አናት በታች ይቅር፤ ነፋስ ጣሪያውን አልፎ ሲወርድ ጭሱን ወደ ውስጥ ይመልስልዎታል። ከአናቱ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ቢል ኖሮ ይህ ችግር በጣም ይቀንስ ነበር። ሁለት ሦስት ጊዜ ያጣምሙት። የዝናብ መከላከያውን ቆርቆሮ ከአፉ ጋር አጣብቀው ይምቱት። ጥቀርሻውን በጭራሽ አይጥረጉ፤ በእርጥብ እንጨት ጊዜ ውስጡ የሚጋገረው ጥቁር ዝፍት መሰል ነገር ቱቦውን ያጠበዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ራሱ በእሳት ሊያያዝ ይችላል። ቱቦው በሣር ክዳን ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ውጤቱን መንገር አያስፈልግም። ይህን ሁሉ አድርገው ጭሱ ካስቸገረዎት አዲስ ምድጃ ይግዙና በዚያው ቱቦ ላይ ይግጠሙት። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም ያሉት አባቶች ይህን ሳያዩ አልቀሩም።

ጠዋት ብርድ ነው ብለው በሩንም መስኮቱንም ይዝጉ። ቱቦ ጭስ ይዞ የሚወጣው ቤቱ ምትክ አየር ካገኘ ነው፤ ሁሉ ተዘግቶ ቱቦው ሊስብ አይችልም። የቀዘቀዘ ቱቦ መጀመሪያ ላይ እንቢ ሲል ደረቅ ጭራሮ ወይም ወረቀት አንድ እፍኝ ከቱቦው ሥር አንድዶ ማሞቅ ይበቃ ነበር፤ እርስዎ ግን ቀጥታ ግንዱን ይማግዱ።

የመጨረሻው ምክር ከሁሉ የከፋ ነው፤ ማንም እንዲከተለው አልፈልግም። ጋግረው ሲጨርሱ ጭሱ ይጠፋል፤ ፍሙ ይቀራል። ያንን ፍም ለሙቀት ብለው ወደ መኝታ ቤት ያስገቡና በር ዘግተው ይተኙ። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዐይን አያቃጥል። በየክረምቱ ቤተሰብ ሙሉ ተኝቶ የሚቀረው በዚህ ነው። ራስ ምታት፣ ማጥወልወል፣ የጉልበት መክዳት ከተሰማዎት ምክንያቱን ለማጣራት አይቀመጡ። በሩን በርግደው ሁሉንም ወደ ውጭ ያውጡ፤ የወደቀውን ሰው ደግሞ «ነቅቷል» ብለው ሳይዘናጉ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ይውሰዱት።