የጎረቤት ዶሮ በበልግ ጓሮ ላይ ስላላት ሥልጣን

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የበልግ ዝናብ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ጓሮ ያለው ሁሉ ዶማ ፈላጊ ይሆናል። የጓሮ ዝግጅት የመጀመሪያው ምዕራፍ ይኸው ፍለጋ ነው። አምና ዶማውን ማን እንደተዋሰው ይታወቃል፤ እሱ ደግሞ ለማን እንዳዋሰው መጠየቅ ግን ነውር ነው። ስለዚህ የሌላ ሰው ዶማ ይዋሳል። ምዕራፉ በዚህ ይዘጋል።

ሁለተኛው ምዕራፍ ምክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን እርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት፣ ሽማግሌዎቻችን እስከ ዛሬ "ካዱ" የሚሉት፣ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያስፋፋው ከዚሁ ከአሰላ ተነስቶ ነው። ስንዴ የሚያሻሽለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከልም ጎረቤታችን ነው። ይህን ሁሉ እውቀት ታቅፎ የኖረ ሕዝብ አንድ ሰው ጓሮውን ሲቆፍር እያየ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። አጥሩ ላይ ተደግፎ "መደቡ ጠቧል" ይላል። ስታሰፉት የሚቀጥለው መንገደኛ "በዛ" ይላል።

ሦስተኛው ምዕራፍ ዶሮ ናት፤ ይህ ጥናትም በእውነቱ ስለ እሷ ነው።

የጎረቤት ዶሮ በአገባቧ በሦስት ትከፈላለች። በራሪዋ አጥር ትዘላለች። ሾላኪዋ በቆርቆሮው ሥር ትገባለች። ሦስተኛዋ ባለመብቷ ናት፦ በሩን ስትከፍቱ ከኋላችሁ ተከትላ፣ ሳትቸኩል፣ እንደ ተጠራ እንግዳ ዘው ትላለች። የምናውቃት ባለመብት ገብስማ ናት። ያልተቆፈረ መሬት አትነካም፤ ድንጋዩ እስኪለቀም፣ ጓሉ እስኪደቅ፣ ፍጉ እስኪሰለቅ በትዕግሥት ትጠብቃለች። ዘሩ እንደተበተነ መደቡ መሐል ትቆማለች። በቀኝ እግሯ ትጭራለች፣ በግራ ትደግማለች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ በአንድ ዓይኗ ሥራዋን ትመረምራለች። የምክር ምዕራፍ ባለሙያዎች እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ አሳይተው አያውቁም።

ለትል ብለን የነሰነስነው አመድ ደግሞ መታጠቢያዋ ነው። ክንፏን ዘርግታ ትንከባለልበታለች፤ ስትነሳ ጎመን የተዘራበት ቦታ ላይ የእሷን ወገብ የሚያክል ጉድጓድ ይቀራል። ካሮት የባሰ ነው። ከላይ ከላይ ይዘራል፣ ለመብቀል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጅበታል፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ለአቤቱታ የሚሆን አንድ ቅጠል እንኳ አይታይም።

አቤቱታው ራሱ ወግ አለው።

"እትዬ፣ ዶሮዎ ጓሮ ገብታለች።"

"ውይ በሞትኩት! ዶሮ እኮ ናት ልጄ፣ ምን ታውቃለች?"

ከዚህ በኋላ የሚነገር ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ እትዬ ሁለት እንቁላል በሰሐን ይልካሉ። እንቁላሉ ከማን ካሮት እንደተሠራ እያወቁ መቀበል ግድ ነው፤ ሁዳዴ ስለሆነ ግን አይበላም።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። የበልግ ዘርና ሁዳዴ አንድ ላይ ይገጥማሉ። መሬቱ እጅግ በላላበት በእነዚያ 55 ቀናት ክርስቲያን ቤት ያለች ዶሮ ቢላዋ አያሰጋትም። ሙስሊሙ ጎረቤት ጾሙ ባያግደውም አያርዳትም፤ ለፋሲካ ገበያ ስንት እንደምታወጣ ያውቃል። አሰላ ላይ ሁለቱ አጥር ለአጥር ስለሚኖሩ ዶሮዋ በሁለቱም በኩል የተከበረች ናት። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ በበልግ የምታወጣው ግን የእኛን ድንብላል ነው። የፋሲካ ዋዜማ ሲደርስ፣ በእኛ ዘር ወፍራ፣ ለእኛው በውድ ትሸጣለች።

መከላከያዎቹም ተጠንተዋል። መደብ ላይ እሾህ መጣል ዶሮዋን ለጊዜው ያርቃል፤ ለማረም የገባውን ሰው ግን እስከ ሰኔ ይወጋል። እግሯን በገመድ ማሰር ይሠራል፣ ከባለቤቷ በቀር ማንም ሊያስራት አይችልም እንጂ። አሮጌ ካፖርት የለበሰ ማስፈራሪያ ቆሞ ነበር፤ ትከሻው ላይ ወጥታ አረፈችበት።

አራተኛው ምዕራፍ ስለ ፍየል ሊሆን ታስቦ ነበር። ፍየል ስትገባ የሚጠና ነገር አይተርፍም፤ ቀርቷል።

ስለዚህ አሰላ ውስጥ ጓሮ ያላችሁ፣ ዘንድሮ ድንች ትከሉ። ጠልቆ ይቀበራል፣ ዶሮ አትደርስበትም። ካሮት ካማራችሁ ግን መጀመሪያ ከእትዬ ጋር ቡና ጠጡ፤ ገመዱንም ይዛችሁ ሂዱ።