በሣጥን የማይመጣው ቁራጭ

ሰው በቤቱ አውሮፕላን ይሠራል ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ክንፉና ሞተሩ ነው። እነሱ ግን ይገዛሉ። ላሜራው ተቆርጦ፣ የሪቬቱ ቀዳዳ ተበስቶ፣ ቁጥር ተጽፎበት በሣጥን ይመጣል። እኔን ያንገላታኝ በሣጥን የማይመጣው ቁራጭ ነው፤ የማረፊያው እግር ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚወጣበት ጥግ ላይ የሚገባው የፋይበርግላስ ሽፋን። በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ከአምሳያው በጥቂቱም ቢሆን መለየቱ ስለማይቀር ለአንዱ የተሠራው ሽፋን ለሌላው ልክክ አይልም። ስለዚህ እዚያው አውሮፕላኑ ላይ ይሠራል።

ለዚህች ትንሽ ነገር ያን ያህል መድከም ለምን አስፈለገ? ሁለት ገጾች በጠባብ ማዕዘን ሲገናኙ ነፋሱ ይታወካል፤ የታወከ ነፋስ አውሮፕላኑን ወደ ኋላ ይጎትታል። ጥጉ ሞልቶ ሲለሰልስ ያው ሞተር በዚያው ነዳጅ ፈጠን ብሎ ይሄዳል። ለእኔ ይህ ከሞተር ሥራ የማያንስ ቁም ነገር ነው።

አውሮፕላኑ የጋሼ ነው። ጋሼ ጎልማሳነታቸውን አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ጥገና ላሜራ ክፍል ውስጥ ያሳለፉ፣ አሁን ሜሪላንድ የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው። የአሜሪካ ሕግ፣ ከግማሽ በላይ የሆነውን ሥራ ለመማር ወይም ለመዝናናት ብሎ በራሱ እጅ የሠራ ሰው አውሮፕላኑን "ኤክስፐሪመንታል" በሚባለው ምድብ አስመዝግቦ እንዲያበር ይፈቅድለታል። ቃሉም ቁመቱ ቢያንስ 2 ኢንች በሆነ ፊደል መግቢያው አጠገብ መጻፍ አለበት። ጋሼ ያንን ፊደል ቆርጠው ያስቀመጡት ገና ጅራቱ ሳይገጠም ነው።

ፋይበርግላስን ግን አያምኑትም። "ላሜራ ሲጎዳ ይነግርሃል" ይላሉ። "ይጎብጣል፣ ይሰነጠቃል። ይሄን ቀለም ከቀባኸው በኋላ ውስጡን ማን ያየዋል?"

ክርክራቸው እውነት አለበት። መልሱ ያለው ከቀለሙ በፊት ነው። ሬዚን በደንብ የጠጣ የመስታወት ጨርቅ ነጭነቱን ጥሎ ብርሃን ያሳልፋል፤ አየር የቀረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ይታያል። ይህን ብነግራቸውም በዓይናቸው ካላዩ የሚቀበሉ ሰው አይደሉም።

ሥራውን የጀመሩት ራሳቸው ነበሩ። ኢፖክሲ ግን ከአንዳንድ ሰው ቆዳ ጋር አይስማማም፤ ሰውነት አንዴ ከተቆጣ በኋላ ትንሽ ጠብታ ትበቃዋለች። የጋሼም ክንድ ሽፍ ብሎ አበጠና ሐኪሙ ዳግመኛ እንዳይነኩት ከለከላቸው። እኔ የመኪና ቀለምና ስቱኮ ቤት ስለምሠራ ተጠራሁ። እሳቸው ከጋራዡ በር ውጭ ወንበር ላይ፣ እኔ ጓንትና ጭምብል አድርጌ ከውስጥ፣ እየተነጋገርን ገባንበት።

መኪና ላይ የለመድነው ፖሊስተር ሬዚን ነው። ሙቀት ሲበዛ ማድረቂያውን ትቀንሳለህ፣ ብርድ ሲሆን ትጨምራለህ፣ ይታዘዝልሃል። ኢፖክሲ እንዲህ አይደለም። ሬዚኑና ማድረቂያው በተወሰነ ልክ ተያይዘው ነው የሚጠነክሩት፤ ልኩ ሲዛባ የተረፈው ተያያዥ አጥቶ ጥንካሬውን ይጎዳል። ፍጥነቱን የምትመርጠው ማድረቂያውን ስትገዛ ነው፤ ፈጣኑን ወይም ዘገምተኛውን። ወሩ ሐምሌ፣ የሜሪላንድ ሙቀት የሚያንገበግብበት ጊዜ ስለነበር ዘገምተኛውን አዘዝን። ሻጩ የላከው ጠርሙስ ላይም ዘገምተኛ ተብሎ ተጽፏል።

ጥጉን በልጆች መጫወቻ ጭቃ ሞልቼ በጣቴ አለሰለስኩት። በላሜራው ላይ ቡናማውን የካርቶን ፕላስተር ለጠፍኩ፣ ሰም ቀባሁ። ጨርቁን በሰያፍ ቆረጥኩት፤ ነጠላ ከማዕዘኑ ሲሳብ እንደሚለጠጥ፣ ይህም በሰያፍ ሲቆረጥ ሳይሸበሸብ ጥምዝምዙ ላይ ይተኛል። ሬዚኑን በሚዛን ለክቼ ቀላቅዬ የመጀመሪያውን ድርብ አነጠፍኩ።

ሁለተኛውን ሳነሳ ኩባያው እጄ ላይ ሞቀ። ከዚያ ጨሰ።

"አውጣው! አውጣው ልጄ!" ጋሼ ከወንበራቸው ዘለሉ። ሮጬ ሲሚንቶው ላይ ሳስቀምጠው ፕላስቲኩ ቀልጦ ተጣመመ፤ ውስጡ ያለው እየተንጣጣ ቢጫ ድንጋይ ሆነ። ኢፖክሲ ሲጠነክር ሙቀት ያወጣል። ጨርቅ ላይ ስስ ሆኖ ሲሰራጭ ሙቀቱ ይበተናል፤ ኩባያ ውስጥ ሲከማች ግን ሙቀቱ መጠንከሩን ያፋጥናል፣ መጠንከሩ ደግሞ ሙቀቱን ይጨምራል። ጠርሙሱ ውስጥ የነበረው ፈጣኑ ማድረቂያ መሆኑን ያወቅነው እንዲህ ነው። ባለቤታቸው እትዬ በኩሽና መስኮት ብቅ ብለው "ቤቱን ልታቃጥሉት ነው?" ሲሉ ጋሼ መልስ አልነበራቸውም።

የተነጠፈው ጨርቅ ሳይደርቅ መቀጠል ነበረብኝ። ከዚያ በኋላ በጥቂት በጥቂቱ እየቀላቀልኩ፣ ወዲያው ሰፊ ትሪ ላይ እያፈሰስኩ፣ የቀሩትን ድርቦች ጨረስኩ። ትርፉን ሬዚን በላስቲክ ገፍቼ አወጣሁ፤ ጉልበቱ ያለው ክሩ ውስጥ ነው፣ የተረፈ ሬዚን ክብደት ብቻ ነው።

እስኪጠነክር ስንጠብቅ ስለ በርት ሩታን አወራኋቸው። ሩታን ካሊፎርኒያ፣ ሞሃቪ በረሃ ላይ፣ ፎምን በጋለ ሽቦ ቆርጦ የመስታወት ጨርቅ እያለበሰ ያለ ሞልድ ክንፍ ይሠራ ነበር። ቫሪኢዚ የተባለችው አውሮፕላኑ በ1975 እ.ኤ.አ. በረረች። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ እሱ የነደፋት ቮዬጀር ሳታርፍና ነዳጅ ሳትሞላ በ9 ቀን ዓለምን ዞረች፤ አካሏ በአብዛኛው ከካርቦን ክርና ከኢፖክሲ የተሠራ ነበር።

ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና ወደ ፀሐይ ወሰዱኝ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሠርቷት የበረረችው፣ ጣሊያን ወስዶ ሙዚየም ያስቀመጣት፣ በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችው አውሮፕላን፣ ፀሐይ። "ስትመለስ በቴሌቪዥን አየኋት" አሉ። "ያኔ ሥራ ላይ የነበሩትን የኢትዮጵያውያንን እጆች ነው ያሰብኩት።" ያን ጊዜ ነው ጡረተኛው ሰውዬ ጋራዥ ውስጥ ለምን እንደሚውሉ የገባኝ።

በማግሥቱ ሽፋኑ አልወጣም አለ። እግሩን ዙሪያውን አቅፎ ስለያዘ የሚላቀቅበት አቅጣጫ አልነበረውም። የእንጨት ሽብልቅ አስገባን፣ በኮምፕረሰር አየር ነፋን፣ ጭቃው ይለሰልስ ብለን ሙቅ ውኃ አፈሰስን። ንቅንቅ አላለም። የቀረው መቁረጥ ነው። ጋሼ ፊታቸውን አዞሩ፤ ለላሜራ ሰው መቁረጥ ማለት ለዘለዓለም የሚታይ መደረቢያና የሪቬት ሰልፍ ማለት ነው። ከኋላ፣ ሁለቱ ጎኖች በሚገናኙበት ስል ጠርዝ ላይ፣ በቀጭን ምላጭ ሰነጠቅኩት። ተላቀቀ።

ከዚያ ያደረግኩትን ጋሼ ከበሩ ሆነው አንድ በአንድ ተከታተሉ። የተቆረጠውን ጠርዝ በሁለቱም ወገን በብርጭቆ ወረቀት እያሳሳሁ ተዳፋት አደረግኩት፣ በላዩ አንዱ ከሌላው ሰፋ ያለ ጨርቅ በየተራ ደረብኩ። ሲጠነክር አጥቤ፣ ሞርጄ፣ ፕላስቲክ ላይ አስቀምጬ አቀረብኩላቸው። የእጅ መብራታቸውን ከኋላው አብርተው ቆዩ። የተቆረጠበትን መስመር ፈለጉት፤ አላገኙትም። ከላይ በኩል ባቄላ የምታክል ነጭ ነጥብ ግን አገኙ።

"እዚህ አየር አለ።"

"አዎ ጋሼ። ከፍቼ እሞላዋለሁ።"

"ስለዚህ ይናገራል" አሉ መብራቱን ሳያጠፉ። "ላሜራ ከተጎዳ በኋላ ነው የሚነግርህ፤ ይሄ ገና ሳይበር ተናገረ።"

ክርክሩ በዚህ አለቀ። የቀኙ እግር ይቀራል፤ ከግራው ትንሽ ወደ ፊት ስለገጠመ የግራው ግልባጭ አይሆነውም፣ እንደ አዲስ ይሠራል። ጋሼ አዲሱ ማድረቂያ ሲመጣ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ቀላቅለን ሰዓት እንድንይዝ፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ሳንፈትን ጨርቅ እንዳንነካ አዘዙ። ከኋላ የሚሰነጠቅበትን መስመር ደግሞ፣ ከወዲሁ እሳቸው ራሳቸው ፕላስተሩ ላይ በእርሳስ አሰመሩት።