የሞተር አንድምታ

ባለትዳር ሰው በገዛ ግቢው ውስጥ ሊፈጽማቸው የሚችሉ ልዩ ልዩ ድፍረቶች አሉ፤ ያለ ምክር የንብ ቀፎ ማስገባት፣ የአማትን አልጋ ከለመደበት ጥግ ማንቀሳቀስ፣ ለፋሲካ ለታሰረ በግ ስም ማውጣት ከእነዚህ ይቆጠራሉ። ነገር ግን ከሁሉም የሚልቀው፣ ከባለቤቱ ዕድሜ የማያንስ የላንድሮቨር ሞተር ከነግራሶው በረንዳ ላይ አስቀምጦ እስከ መጨረሻዪቱ ዳዶ መፍታት መሆኑን፣ ቃሌን የሚቀበል ሸንጎ ቢገኝ፣ ዛሬውኑ በመሐላ ለማረጋገጥ ዝግጁ ነኝ።

መኪናይቱን ያወረሱኝ አጎቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጅማ በኩል ቡና ሲነግዱ የኖሩ፣ ለሰውም ሆነ ለብረት ደግ ቃል የማይወጣቸው፣ ያመኑትን ግን የማይለውጡ ሰው ነበሩ፤ በኑዛዜአቸው ለሌሎች ዘመዶች ቤትና ከብት ሲያከፋፍሉ ለእኔ ላንድሮቨሯን መተዋቸው ፍቅር ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ ድረስ በቤተ ዘመድ ጉባኤ እልባት ያላገኘ ጥያቄ ነው። እጄ ስትገባ ታጤስ ነበር። ጭሷ ነጭ ቢሆን ውሃ ገብቶባት ነው፣ ጥቁር ቢሆን ቤንዚን በዝቶባት ነው ተብሎ በታለፈ፤ የእርስዋ ግን ሰማያዊ ነበር። ሰማያዊ ጭስ ማለት የፒስተኑ ፋሻ አልቆ ሞተሩ የተሰጠውን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ እያቃጠለ ነው ማለት ነው። በመሆኑም እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አድርሳን በተመለሰች ቁጥር፣ ካህናቱ ጽናውን ካስቀመጡ በኋላ ማዕጠንቱን የምንቀጥለው እኛ መሆናችንን የሰፈሩ ቀልደኛ እስከ መናገር ደረሰ፤ ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ በእግሯ መሄድ ጀመረች።

ይህን የመሰለ ሥራ በቤት ይሠራል ብዬ መነሣቴ ከታሪክ የተማርሁት ነገር ስላለ ነው። የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ በዌልስ አገር፣ አንግልሲ በምትባል ደሴት ላይ በነበረው እርሻው ከጦርነቱ የተረፈች አሜሪካዊት ጂፕ ይነዳ ነበር፤ እርስዋ ስታረጅ ምን እንደሚተካት ማሰቡ ላንድሮቨርን አስወለደና፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ታየች። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበር አካሏን ከአሉሚንየም ቅይጥ አበጁት፤ የአጎቴ መኪናም ኮፈኗና በሯ ዝገት የሚባል ነገር ሳያውቁ፣ ከብረት የተሠራው ሻሲዋ ብቻ የሁሉንም ኃጢአት ተሸክሞ ይበላል። የታሰበችው ለገበሬ ነውና፣ ከጋራዥ ርቆ የሚኖር ሰው በገዛ እጁ እንዲፈታት ሆና መሠራቷን ኮፈኗን የከፈተ ሁሉ ያየዋል፤ የጎደለውን ብሎን ለመፈለግ ሌላ ሦስት ዕቃ መንቀል አያስፈልግም። እንግዲህ የአንግልሲ ገበሬ የቻለውን የአዲስ አበባ ጸሐፊ ያቅተዋል ማለት ለአገር ክብር አይበጅም ብዬ ተነሣሁ።

የእኛይቱ እ.ኤ.አ. በ1961 መሠራት ከጀመረው ከ2ኤ ወገን ናት። ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር፣ 2,286 ሲሲ የሚይዝ የቤንዚን ሞተር ሲሆን 77 ያህል የፈረስ ጉልበት አለው ይባላል። ይህ ግን በባሕር ጠረፍ የተቆጠረ ነው። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ አየሩ ስለሚሳሳ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉ ይቀራልና፣ ወደ 20 የሚጠጉት ፈረሶች ዳገቱን አይተው ከጅቡቲ ተመልሰዋል ማለት ነው። የቀሩትም ቢሆኑ እኔ ስደርስባቸው ጾመኞች ነበሩ።

የጥገና መጽሐፏ በመቀመጫው ሥር ተገኘ፤ ገጾቹ ግራሶ ከመጥገባቸው የተነሣ የሚገለጡት በጥንቃቄና በጸሎት ነው። እንግሊዝኛውን የምታነበው ልጄ ናት። ነገር ግን ንባብ ያለ ትርጓሜ ዕውር ነውና፣ ትርጓሜውን የያዙት ዕድሜ ልካቸውን የመንግሥት ላንድሮቨር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ናቸው፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እርሳቸውም ሽበቴን ሳይቆጥሩ አንተ ልጅ ይሉኛል። ልጄ አንድ ዐረፍተ ነገር ታነባለች፤ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና፣ የመጻሕፍት መምህር በጉባኤ ቤት ተቀምጦ እንደሚያሄደው ትርጓሜውን ያወርዱታል። መጽሐፉ የቴስታታውን ብሎኖች ከመካከል ጀምረህ ወደ ዳር እሰር ያለ እንደ ሆነ፣ «አንድም፦ ከዳር ብትጀምር መካከሉ ይነሣብሃል፤ አንድም፦ በአንድ ጊዜ አታጥብቅ፣ ሦስት ጊዜ ተመላለስ ሲል ነው፤ አንድም፦ ቡና ሳትጠጣ አትጀምር» ይላሉ። ሦስተኛው ከየት እንደ መጣ ብንጠይቃቸው ከመምህራቸው እንደ ተቀበሉት ነገሩን። መምህራቸው ኢጣልያዊ መካኒክ ነበር።

ሞተሩን ለማውጣት ሦስት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመን፣ አናታቸውን በሰንሰለት አስረን ፓራንኮ ሰቀልንበት። ግንዱ ከአጥር በላይ ታይቶ ኖሮ ገና ሞተሩ ሳይነቃነቅ የዕድራችን ጥሩምባ ነፊ በሩን አንኳኳና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማን እንዳረፈ ጠየቀ። ነገሩን ካስረዳነው በኋላም፣ የተነገረውን ማመን ሥራው ስላልሆነ፣ ገብቶ ሁሉንም የቤተሰቡን አባላት በዓይኑ ቆጥሮ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሌላ ጎብኚ ለመደን፤ በየማለዳው የሚያልፈው ቆራሌው በራችን ላይ ሲደርስ ጩኸቱን ያቆምና፣ በበረንዳው ላይ የተዘረጋውን ብረት ሁሉ በዓይኑ እየመዘነ «ጋሼ፣ አልወሰኑም?» ይለኛል። ባለቤቴ ከመስኮት ሆና «ነገ ተመለስ» ማለቷን የሰማሁት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው።

ስለ ቁልፉ ጉዳይ ዝም ብዬ ባልፍ ደስ ባለኝ ነበር። የመኪናይቱ ብሎኖች በኢንች የተለኩ ሲሆኑ፣ በቤቴ የሚገኘው ቁልፍ ሁሉ በሚሊ ሜትር ነው። 13 ቁልፍ በግማሽ ኢንቹ ራስ ላይ ይወዛወዛል፤ 14 ቁልፍ ከእርሱ ከፍ ባለው ላይ አልገባም ይላል፣ 15 ደግሞ ገብቶ በከንቱ ይዞራል። እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያች መኪና አካል ላይ በሰላም የተስማሙት በ19 ቁልፍ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሦስት አራተኛ ኢንች የሆነውን የቴስታታ ብሎን ልክክ አድርጎ ይይዛል። የቀረውን ከሶማሌ ተራ በኪሎ ያህል ገዛን።

ሲሊንደሮቹ ፋሻው በሚመላለስበት በላይኛው በኩል ሰፍተው ስለ ተገኙ ሞኖብሎኩ በጋሪ ወደ ቶርኖ ቤት ተጓዘ፤ በትውልዱ 90.47 ሚሊ ሜትር የነበረው የሲሊንደር ስፋትም በግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ተጨምሮበት ተመለሰ። ለዚያ ልክ የሚሆነውን ፒስተን የሸጠልኝ ነጋዴ ዕቃው ኦሪጅናል፣ የተቀየረው ካርቶኑ ብቻ መሆኑን በእናቱ ስም ማለልኝ፤ እናቱ በሕይወት መኖራቸውን ግን አልጠየቅሁትም።

ፒስተንን ከቢየላው ጋር የሚያያይዘው የብረት ስፒኖቶ በብርድ በእጅ ሲገፋ እምቢ ይላል። አሉሚንየም ሲሞቅ ከብረት ይልቅ ስለሚሰፋ፣ ፒስተኑን በሙቅ ውሃ ቢያቆዩት ስፒኖቶው በአውራ ጣት ግፊት ብቻ ይገባል። ይህንን ጋሼ አዘዙ፤ እኔና ልጄ ፈጸምን። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ነበር። ባለቤቴ ከቅዳሴ ተመልሳ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየው አንጀቷ እየጮኸ፣ ሽሮ ሊሠራበት የሚገባውን ትልቁን ድስት ብትከፍት አራት ፒስተኖች ራሳቸውን ከውሃው ብቅ አድርገው ተመለከቷት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ካየቻቸው በኋላ፣ ክዳኑን እንደ ያዘች ወደ በረንዳው ወጥታ፣ «ይህ የጾም ነው የፍስክ?» አለች።

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንድም፦» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣

«አንድም የለም፤ ጋሼ!» አለች። ያ ድስት ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ሞተሩ ንብረት ተዛወረ፤ ሁለት አዳዲስ ድስቶችም ለዚህ ካሳ ሆነው ተገዙ።

መገጣጠሙ ከመፍታቱ ይልቅ ትዕግሥትን ይፈትናል። እያንዳንዱ ፋሻ መጀመሪያ ያለ ፒስተኑ ለብቻው ወደ ሲሊንደሩ ይገባል፤ ፒስተኑ ተገልብጦ በራሱ እየተገፋ ፋሻው ሳይንጋደድ እንዲቀመጥ ይደረግና፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል የቀረው ክፍተት በስስ የብረት ቅጠል ይለካል። ግማሽ ሚሊ ሜትር ያልሞላች ናት፤ ነገር ግን እርስዋ ከጠፋች፣ ሞተሩ ሲግል ጫፎቹ ተጋፍተው ፋሻው ይሰበራል። ልጄ አንዱን ፋሻ በሞረድ አንድ ጊዜ ላግ እያደረገች፣ መልሳ እያስገባች፣ እንደገና እያወጣች ስትለካ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስትውል፣ ለፈተና እንኳ እንዲህ ስትተጋ አይቻት አላውቅም። ቴስታታውን ለማሰር የታዘዘው ልክ 65 ፓውንድ-ጫማ ነበር፤ ልክ የሚያሳየው ቁልፍ በሰፈሩ ባይገኝ እርስዋው ከቅቤ ነጋዴዋ የስፕሪንግ ሚዛን ተውሳ፣ ከብሎኑ አንድ ሜትር በሚርቅ የቱቦ ጫፍ ላይ አሰረችና 9 ኪሎ እስኪል ድረስ ሳበችው፤ በቅቤ ሚዛን ሲመነዘር የእንግሊዙ ትእዛዝ ይኸው ነው። ጋሼ ይህን አይተው ምንም አላሉም፤ ማታ ግን ለጥሩምባ ነፊው ሐሳቡ የራሳቸው እንደ ነበረ ሲነግሩት ሰማኋቸው።

የጉባኤው ታላቅ ክርክር የተነሣው በሲሊንደሮቹ የአተኳኮስ ተራ ላይ ነው። መጽሐፉ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ይላል። «ከአንደኛው ቀጥሎ ሁለተኛው ሲገባው ስለ ምን ሦስተኛውን አስቀደመ ቢሉ» ብለው ጋሼ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ፤ «ጎረቤታሞች ተከታትለው ቢቆጡ ግቢው ይናጋልና።»

«አባባ፣ ሦስተኛውና አራተኛውም እኮ ጎረቤታሞች ናቸው» አለች ልጄ። «ምክንያቱ አንደኛውና አራተኛው አብረው ስለሚወጡ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛውም አብረው ስለሚወርዱ ነው። አንደኛው ከተኮሰ በኋላ ተራው ከሁለቱ ለአንዱ ነው፤ የላንድሮቨር ሰዎች ሦስተኛውን መረጡ።»

አዛውንቱ ብዙ አሰቡ። ከዚያም «አንድም፦ ሁለተኛው ትሑት ነው» ብለው ዘጉት፤ የካንዴላዎቹንም ገመድ በዚያው ተራ ሰኩ።

ባትሪው ሞቶ ስለ ነበር የመጀመሪያው ሙከራ በማኖቬላ እንዲሆን ተወሰነ። ጋሼ ማኖቬላውን ለእኔ ከመስጠታቸው በፊት አውራ ጣቴን ይዘው ከአራቱ ጣቶቼ ጋር በአንድ ወገን አስተኙት፤ ሞተሩ ወደ ኋላ የመታ እንደ ሆነ ዘንጉን ዙሪያውን ጨብጦ የተገኘ አውራ ጣት ይሰበራልና። ወደ ላይ ሳብ፣ አትጫን፣ አሉኝ። ሳብሁ። አንዱ አስነጠሰ፤ ሌላው ሰማ፤ ከዚያም አራቱ ተያይዘው ሲነሡ በፓራፋንጎው ላይ የተቀመጠው የቡና ስኒ እየተንቀጠቀጠ ተጉዞ ወደቀ። በሲሊንደሩ ውስጥ የቀባነው ዘይት እስኪያልቅ ድረስ ጭሱ ግቢውን ሸፈነውና ባለቤቴ በመስኮቱ ብቅ ብላ ተመልሳ ገባች፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ከማርሚታው የሚወጣው አየር ጠራ። ቆራሌው በዚያ ማለዳ ሳይጮኽ አለፈ።

ቀጥሎ የመጣው የሮዳጅ ጉዳይ ነው። አዲስ ፋሻ ከአዲስ ሲሊንደር ጋር እስኪላመድ ድረስ ሞተር አይጨነቅም፤ ጋሼም ጣታቸውን አንሥተው 800 ኪሎ ሜትር እስክትሞላ ከ60 በላይ እንዳትነዳ፣ ዳገትም በከባድ ማርሽ እንዳትገፋ፣ አንድ ቦታም ቆማ ለብዙ ጊዜ እንዳታጓራ ደነገጉ። ይህንን ሁሉ ባለቤቴ ከበሩ ሆና ትሰማ ኖሯል። እርሳስና ወረቀት ይዛ መጣችና፣ እናቷ የሚኖሩበት ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር መሆኑን፣ ደርሶ መልስ 260 እንደሚሆን፣ ሦስት ጊዜ ሲመላለሱ ደግሞ 780 እንደሚሞላ ጽፋ አሳየችን። «የቀረው 20 ኪሎ ሜትር ወፍጮ ቤት ነው» አለች።

ሌላ ትርጓሜ ይገኝ እንደ ሆነ ብዬ ወደ ጋሼ ዞርሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩና፣ «አንድም፦» አሉ፤ «ከፊት ወንበር የምቀመጠው እኔ ነኝ።»