አሮጊቷ ላንድሮቨርና የቤተ ዘመድ ችሎት

ሰው ሲያረጅ ይጦራል፤ በሬ ሲያረጅ ደልቦ ይሸጣል። መኪና ሲያረጅ ምን ይደረግ? ለዚህ አባቶቻችን ያቆዩልን ሥርዓት የለም። ለዚህም ነው የእኔ ላንድሮቨር ነገር ከጋራዥ አልፎ፣ ከባለቤቴና ከእኔ አልፎ፣ በመጨረሻ ቤተ ዘመድና ጎረቤት ቡና እየጠጣ የሚዳኘው ጉዳይ የሆነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ ትጠገን ወይስ ትቆራረጥ?

መጀመሪያ ተከሳሿን ላስተዋውቃችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ከተመረቱት፣ ሲሪዝ 3 ከሚባሉት ወገን ናት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስታገለግል ኖራ በጨረታ ወጣች፤ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ቆይታ መካነ ኢየሱስ ገባች፤ እዚህም እኔ እጅ ላይ ወደቀች። ሊብሬዋ ላይ ቀለሟ አረንጓዴ ይላል። አሁን ያለችበት ቀለም ምን እንደሚባል ግን ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ተስማምተን አናውቅም። የቀኝ በሯ የሚዘጋው በጠፍር ነው። ከሹፌሩ እግር ሥር ወለሉ ተበልቶ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ አውጥቷል፤ በዚያ ቀዳዳ መንገዱ ሲያልፍ ይታየኛል። አስፋልት ይሁን ኮረኮንች ለማወቅ መስኮት አያስፈልገኝም፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ራሱ ሱሪዬ ድረስ መጥቶ ይነግረኛል። የጉና ብርድ ያደረባት ጠዋት ሞተሪኖዋ አንዴ አቃስቶ ዝም ይላል። ሌላው ሰው ቤት መሥሪያ ሲመርጥ ውኃና መብራት ያያል፤ እኔ ያየሁት ቁልቁለቱን ነው።

ከሳሿ ባለቤቴ ናት። ክሷን ያለ ጠበቃና ያለ ወረቀት፣ በቃሏ ታወርደዋለች። «የፍሪሲዮኑ ዓመት ጣሪያ ሳንቀይር ቀረን። የባሌስትራው ዓመት ላሟን ሸጥን። ካምቢዮው የወረደ ዕለት ደግሞ የልጅቷ ምርቃት በሽሮ አለፈ» ትላለች። እውነቷን ነው። ሌላው ክርስቲያን ዘመኑን በማቴዎስና በማርቆስ ሲቆጥር እኛ ቤት የሚቆጠረው በፍሪሲዮንና በካምቢዮ ነው። ዘንድሮ የገባው ዘመነ ቻሲ ነው።

ሁለተኛው ከሳሽ የእህቴ ልጅ ነው፤ ዋሽንግተን ስለሚኖር በስልክ ነው የተሟገተው። «ጋሼ፣ እዚህ አሮጌ መኪና ማንም አይጦርም» ብሎ ጀመረና የአሜሪካን መንግሥት ምሳሌ ጠቀሰ። በ2001 ዓ.ም. ክረምት መንግሥታቸው ነዳጅ የሚፈጁ አሮጌ መኪኖችን አስረክቦ አዲስ ለሚገዛ ሰው እስከ 4,500 ዶላር ድረስ ይደጉም ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ600 ሺህ በላይ መኪኖች ተሰበሰቡ። የተሰበሰቡት ወደ መንገድ እንዳይመለሱ ደግሞ የሞተሩን ዘይት አፍስሰው፣ በምትኩ ሶዲየም ሲሊኬት የሚባል ፈሳሽ ሞልተው፣ ሞተሩን አስነስተው ደርቆ እስኪቆም ይጠብቁ ነበር።

ስልኩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለነበር ጎረቤታችን አዛውንት ሁሉንም ሰምተዋል። አማተቡ። «በቁሟ? እየሠራች? መርዝ አጠጥተው?»

«አዎ አባባ።»

«ክርስቲያን ናቸው ስትሉን አልነበር!»

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አዛውንቱ ሳይጠሩ የመከላከያ ምስክር ሆኑ። ምስክርነታቸውን የጀመሩት ከመይሳው ካሳ ነው። እኛ አገር ሙግት ከእሱ ካልጀመረ ሙግት አይባልም። አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ ድንጋይ እያስፈነቀሉ፣ ራሳቸውም እየፈነቀሉ፣ መንገድ እየቀደዱ፣ በጋይንት በኩል ጨጨሆን አልፈው መድፉን በሰው ጉልበት አስጎትተው በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። «ስድስት ወር!» አሉ አዛውንቱ ጣታቸውን ወደ ባለቤቴ ቀስረው። «ከብዷልና ይቅር፣ ይቆራረጥ ያለ አልነበረም። እናንተ ግን አንዲት መኪና ጠዋት ጠዋት መግፋት መረራችሁ!»

«መቅደላ ደርሶስ ምን አተረፈ?» አለች ባለቤቴ ስኒ እያቀበለቻቸው።

አዛውንቱ ቡናቸውን ፉት አሉ። «እሱስ እዚያው ቀረ። ግን አዲስ አበባ አምሳያው አደባባይ ቆሞለታል። ቁርጥራጭ ብረት ተብሎ ቢሸጥ ማን ያቆምለት ነበር?»

በዚህ መሐል ቁርጥራጭ ብረት ገዢው መጣ። ማን እንደጠራው እስካሁን አልታወቀም፤ እኔ የምጠረጥረው ሰው ቡና ስታፈላ የነበረችውን ነው። ላንድሮቨሯን አንድ ጊዜ ዞራትና በሯን በጥፍሩ አንኳኳ። ፊቱ በራ። «ጋሼ፣ ይኼ እኮ አሉሚኒየም ነው!» ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የመጀመሪያዋ ላንድሮቨር አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ ስትቀርብ እንግሊዝ ገና ከጦርነት የወጣች፣ ብረት በኮታ የምታከፋፍል አገር ነበረች። ስለዚህ ገላዋን ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩላት፤ ያ ልማድም ለልጆቿ ተረፈ። ሰውየው ቀልጣ ምን እንደምትሆን አልደበቀንም፦ ድስት።

ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ላንድሮቨሬን በፍቅር ዓይን አየቻት። «ድስት ከሆነችማ» አለች፣ «እስካሁን ስታበላን አላየሁም፤ ያኔ እንኳ ታበላን ይሆናል።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሳቁት ግን ውለታዋን የማያውቁት ናቸው። የቀሩት ዝም አሉ። አምቡላንስ እንዲህ ሳይለመድ ምጥ የያዛቸውን እናቶች ደብረ ታቦር ሆስፒታል ያደረሰች እሷ ናት። ሙሽራ አጅባለች፤ የጉናን ድንች ገበያ አውርዳለች። ከእነዚያ እናቶች አንዷ ሆስፒታሉ ሳትደርስ የተገላገለችው ሕፃን ዛሬ የባጃጅ ሹፌር ሆኗል፤ መንገድ ላይ ባገኛት ቁጥር ክላክስ እየነፋ ቅድሚያ ይሰጣታል። ለእኔ ግን ሰጥቶኝ አያውቅም።

በመጨረሻ ባለሙያው ቃሉን ሰጠ። መካኒካችን ወጣት ነው፤ ብዙ አያወራም። በክሪክ ሰቅሏት ከሥሯ ገባ፤ ቻሲውን በመዶሻ እየነካካ ሄደ። ጤነኛው ብረት ይጮኻል። ከኋለኛው ባሌስትራ መያዣ አጠገብ ሲደርስ ግን መዶሻው ድፍን ድምፅ አሰማ። ሁላችንንም አራቀና ካቻቪቴውን አስደግፎ ገፋው፤ ካቻቪቴው ጥልቅ አለ። ሲያወጣው ቀይ ቅርፊት መዳፉ ላይ ረገፈ። «ጋሼ» አለኝ እንደተኛ፣ «የዚህች ቤት ጣሪያው ደህና ነው፤ የተበላው ምሰሶው ነው።» ገላዋ አሉሚኒየም ነውና አይዝግም፤ የተሸከማት ቻሲ ግን ብረት ነው። ላንድሮቨር የሚሞተው ከታች ነው፤ ባለቤቱ የሚያሳምረው ደግሞ ከላይ።

«ታዲያ ሸጠህ ሌላ ግዛ» የሚል መካሪ አይጠፋም። ምን ልግዛ? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ አይገቡም ተባለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና የመለዋወጫው ዋጋ ተከትሎት ወጣ። በሌላው ዓለም መኪና ከሱቅ በወጣች ቀን ዋጋዋ ይወርዳል፤ እኛ ጋ ቆማ ስታድር ይጨምራል። የኤሌክትሪኳን ግዛ የሚሉኝም አሉ። ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ነገር ግን መብራት በጠፋ ማግስት ቁልቁለት አያስነሳትም።

እንግዲህ ፍርዱ ለእኔ ቀረ። ሳመዛዝን ወደ ሞጣ መሻገሪያ ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ ትዝ አለኝ። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው፤ በጣሊያን ጦርነት ጊዜ መሐሉ ተሰበረና አገሬው ለብዙ ዘመን በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። በ1994 ዓ.ም. ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያንን ጎርፍ ወሰደው። ከዚያ ወዲያ እንደገና መለጠፍ ቀረና አዲስ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠራ። ጠጋኞቹም ትክክል ነበሩ፤ አዲስ የሠሩትም ትክክል ነበሩ። ሁለቱም የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ሰው በደህና ይሻገርበታል ወይ?

እኛ ባለ አሮጌ መኪኖች ግን ይህን የምንጠይቀው መጨረሻ ላይ ነው። ገንዘብ ሲገኝ መጀመሪያ ክላክሱን፣ ቀጥሎ ቴፑን፣ ከዚያ ቀለሙን እናሠራለን። ፍሬኑ በጸሎት ይሠራል። ስለዚህ እንዲህ ፈርጃለሁ። መጀመሪያ ፍሬን ይሠራ፤ ቀጥሎ መሪ። የበሰበሰው ቻሲ ተቆርጦ በአዲስ ብረት ይተካ እንጂ በላዩ ላይ ላሜራ አይለጠፍበት። ሞተሩ የሚወርደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ወለሉ ይደፈን፤ መንገዱን በመስኮት ማየት እለምዳለሁ። ቀለም የሚባል ነገር አይነሣ። ብየዳው ካልያዘ ይግባኝ የለም፤ ድስት ትሆናለች፤ የመጀመሪያውን ወጥ የምሠራውም እኔ ነኝ።

ፍሬኑ ተሠርቶ መካኒኩ እስኪፈርምበት ድረስ ቁልፉ ባለቤቴ ዘንድ ነው፤ አዛውንቱ ቢያማልዱም አልሰጠችም። እናንተም ከእንግዲህ ወዲህ መካነ ኢየሱስ ላይ አንዲት ቀለሟ የማይታወቅ ላንድሮቨር ጠዋት አልነሣ ብላ ካያችሁ፣ ፍሬኗ ተሠርቷልና ሳትፈሩ ቅረቡ። ጠግን ወይም ጣል ብላችሁ አትምከሩኝ፤ ምክሩ ሞልቷል። ግፉልኝ።