ለዘር የተረፈው

ቤጎኒያ የሚባለውን አበባ ለውድድር የሚያሳድጉ እንግሊዛውያን ክረምታቸው ሳይወጣ፣ በእኛ የካቲት ላይ፣ የተኛ ሥር መቀስቀስ ይጀምራሉ። ሥሩን ላየው ሰው ድንች ነው፤ ቡናማ፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ባንድ ጎኑ ጎድጎድ ያለ። እርጥብ አፈር በተሞላ ሳህን ላይ ጎድጓዳውን ወደ ሰማይ አድርገው ያስቀምጡትና ከሥሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ወደተዘረጋለት፣ ከላይ ብርሃን የሚያስገባ ክዳን ወዳለው ሣጥን ያስገቡታል። ሣጥኑ ደግሞ በመስታወት ቤት ውስጥ ነው፤ ቤት በቤት ላይ መሆኑ ነው። ሙቀቱ ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን በቴርሞሜትር ይጠብቃሉ። ውሃ የሚሰጡት በዙሪያው ነው፤ ጎድጓዳው ውስጥ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ሰውየው ራሱ ሹራብ በሹራብ ደርቦ ሻዩን እፍ እያለ ከጎኑ ይቆማል። የሚሞቀው ሥሩ ነው።

ይህን ነገር በደቡብ ወሎ ደጋ፣ የለጋምቦዋ አቀስታ ላይ ለማስረዳት ሞክሩ። ለጋምቦ ውስጥ ሌሊት 21 ዲግሪ የት ይገኛል? ከደሴ የተነሳ መንገደኛ ጉጉፍቱ ላይ መስኮቱን ዘግቶ፣ ጊምባ ሲደርስ ጋቢውን እስከ ጆሮው ስቦ ነው አቀስታ የሚገባው። ውርጭ ባደረበት ማለዳ ሰውም በጉም ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ሥር ተሰልፎ ሲሞቅ ይታያል፤ ቦታ የሚሻማውም ከሰው ይልቅ በጉ ነው። እንዲህ ባለ አገር ለአንድ ሽማግሌ «እንግሊዞች ድንች የሚመስል ሥር በኤሌክትሪክ ያሞቃሉ» ብላቸው፣

«ለቁርስ ነው?» አሉኝ።

«አይበላም፣ አባ።»

«ይሸጡታላ።»

«ብዙዎቹ አይሸጡትም።»

«ለከብት ነው በለኝ።»

«አበባው እንዲታይ ነው። ዳኞች መጥተው ያዩታል፤ አንደኛ ለወጣው ካርድ ያኖሩለታል።»

አባ ጥቂት አሰቡና፣ «መንግሥት አስገድዷቸው ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ማንም አላስገደዳቸውም። እንዲያውም በ1948 እ.ኤ.አ. የቤጎኒያ ማኅበር አቋቁመው፣ በየዓመቱ እየተሰበሰቡ አንዱ ያንዱን አበባ እያየ በልቡ ይቀናል። ዝግጅቱ ደግሞ ለሙሽራ ከሚደረገው ይበልጣል። ከሥሩ ብዙ ቡቃያ ቢወጣም ለትልቅ አበባ የሚቀረው አንዱ ነው፤ ሌላው ይነቀላል። ቀድሞ የመጣ እምቡጥም ይቀነጠሳል፤ ውድድሩ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ከሆነ በሐምሌ ያበበ አበባ ምን ይሠራል? ቀኑ ወደኋላ ተቆጥሮ፣ ሳምንታቱ ተመትረው፣ ለዚያች ቅዳሜ የሚደርሰው እምቡጥ ብቻ ይተዋል። ቤጎኒያ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል፤ ድርብርብ ሆኖ እንደ ሳህን የሚሰፋው ወንዴው ነው። ግራና ቀኝ የሚወጡት ነጠላ ሴቴ አበቦች ጉልበት እንዳይሻሙት ተለቅመው ይጣላሉ። ዘር የምታፈራውን ጥሎ የሚያምረውን ማስቀረት እንግዲህ የውድድር ሕግ ነው።

ቤልጂጎች ከዚህም ብሰዋል። ብራስልስ ላይ ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ አሁን አሁን በየሁለት ዓመቱ ነሐሴ ሲመጣ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር አበባ፣ ለብዙ ዓመታት በአብዛኛው ቤጎኒያ፣ ቀንጥሰው ትልቁን አደባባይ ያነጥፉበታል። ሰው ሊያየው ይጎርፋል። ጥቂት ቀን ቆይቶ ይጠወልግና ይጠረጋል።

ይህን ሁሉ ስጽፍ ልስቅባቸው ነበር። ግን ነገሩ ከእኛ ጓዳ ብዙም አይርቅም። ቤጎኒያና ድንች በዘር ባይዛመዱም የአንድ ሰፈር ሰዎች ነበሩ፤ ድንችም ሆነ ባለ ድብልብል ሥሩ ቤጎኒያ መነሻቸው የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ፒርስ የተባለ እንግሊዛዊ ለአንድ የአበባ ነጋዴ ቤት ተቀጥሮ ከቦሊቪያ ቤጎኒያ ለቅሞ አገሩ አስገባ። ከዚያ በጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1858 እ.ኤ.አ.፣ ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት አጥኚ ድንችን ወደ ኢትዮጵያ አመጣልን። ሁለት የደጋ ስደተኞች በአንድ ዘመን አዲስ አገር ገቡ ማለት ነው። አንዱ ለንደን ደርሶ የሚሞቅ ሣጥን ተሠራለት። ሌላው እኛ ጋ መጥቶ አልጋ ሥር ገባ።

አልጋ ሥር የምለው ለቀልድ አይደለም። ድንች እንደተቆፈረ ትልልቁ ለገበያ ይለያል፤ መካከለኛው ለድስት፤ ለዘመድ የሚላከውም ከዚያው ይወጣል። ገዢ ያልጠየቀው፣ ሲላጥ ልጣጩ ከሥጋው የሚበልጠው ጥቃቅኑ «ለዘር ይሁን» ተብሎ ጨለማ ጥግ ይወረወራል። የካቲት ላይ፣ እንግሊዙ ቴርሞሜትሩን በሚያይበት ሰሞን፣ የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ያ የተረሳው ይወጣል። ጨለማ ውስጥ የከረመ ድንች ቡቃያው ነጭ፣ ረጅምና ልፍስፍስ ነው፤ ጆንያው ሲነሳ ግማሹ ተሰብሮ ይቀራል። ችግሩ መጠኑ ብቻም አይደለም። የታመመ ተክል ብዙ ጊዜ ድንቹ ይኮሰምናል፤ ስለዚህ ትንሹን ለዘር የሚመርጥ ሰው ሳያውቅ በሽተኛውን እየመረጠ ነው። አጠውላጊው በሽታም ቫይረሱም ከዘሩ ጋር ወደሚቀጥለው ዓመት ማሳ ይሻገራል። ከዚያ «ድንቹ ዘንድሮስ ምን ነካው?» ይባላል። ዓይን ነክቶታል የሚልም አይጠፋም።

ቤጎኒያ አሳዳጊው ትልቁንና ጤነኛውን ሥር ነው የሚያስቀምጠው፤ ሻጋታ ያየበትን ቆርጦ ይጥላል። የማይበላ ነገር ለማሳደግ የሚጠነቀቀውን ያህል እኛ ለሚበላው ብንጠነቀቅ ኖሮ የድንች ዋጋ ሐምሌ ላይ ከሽሮ ጋር ባልተፎካከረ።

የእኛ የግብርና ምርምር ግን ዝም አላለም። ከሆለታ የምርምር ማዕከል ጉዳኔና በለጠ፣ ከአዴቱ ዘንገናና ጓሳ የሚባሉ የድንች ዝርያዎች ወጥተዋል። ከዘሩም ጋር አብሮ የተላከ ምክር አለ፤ የዘር ድንች ማቆያ ይሠራ የሚል። ማቆያው ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከላይ ሣር ወይም ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን ነፋስና ብርሃን የሚያሳልፍ የእንጨት ርብራብ፣ ውስጡ መደርደሪያ፣ በቃ። ፀሐይ በቀጥታ ሳትመታው በለሆሳስ ብርሃን የከረመ ድንች ቡቃያው አጭር፣ ወፍራምና ጠንካራ ይሆናል፤ ተተክሎ ለመውጣትም ይፈጥናል። እንግሊዙ የመብራት ሂሳብ ከፍሎ የሚያገኘውን ቡቃያ የአቀስታ ገበሬ በርብራብ ያገኘዋል ማለት ነው።

ታዲያ ማቆያው ተሠርቶ ታፔላው ከተተከለ በኋላ ውስጡ ምን እንዳለ ሄዳችሁ እዩ። ገለባ የተጫነበት አጋጥሞኛል፤ ዶሮ የሠፈረበትም። ዶሮዎቹ ነፋሻ ቤት አግኝተው አምሮባቸዋል። ገበሬውን በስንፍና መክሰስ ግን አይሆንልኝም። ብርሃን ያገኘ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ይመራል፤ መርዝ ስላለበትም አይበላም። ማቆያ ላይ የተደረደረ ድንች ለክፉ ቀን ከድስት አይገባም። በልግ በቀረበት ዓመት ልጆቹ ምን እንደሚበሉ እርግጠኛ ያልሆነ ሰው፣ አልጋ ሥር ያለው ድንች ቢያንስ ይቀቀላል ብሎ ያስባል። ቤጎኒያ አሳዳጊው እንዲህ ያለ ፈተና አልገጠመውም።

በነገራችን ላይ ሙቀትን ወደ ውጭ የምንልከው እኛ ነን። ቆቃ አካባቢ ያሉ እርሻዎች እንደ ጄራኒየም ያሉ አበቦችን ቁርጥራጭ ሥር ሳያወጣ በአውሮፕላን ወደ አውሮፓ ይልካሉ፤ እዚያ የሚሞቅ ቤት ውስጥ ሥር ይሰድና አንድ ቀን በአንዲት አሮጊት መስኮት ላይ ያብባል። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ በካርቶን ታሽጋ ስትሄድ አቀስታ ግድግዳ ሥር ተሰልፎ ይጠብቃታል።

ኤግዚቢሽንም ቢሆን አላጣንም። አዲስ አበባ ሆርቲፍሎራ የሚባል የአበባ ትርኢት አላት፤ እኛ ደግሞ የመስክ ቀን አለን። ዳስ ይጣላል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ሞንታርቦ ከጠዋት ጀምሮ «ሃሎ፣ ሃሎ» ይላል። እንግዶች የሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይደረጋል። ወሩ መስከረም ነው፤ ከዳሱ ውጭ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኗል፤ አደይዋን እየረገጠ የመጣው ኮሚቴ የፕላስቲኩን አቧራ በመሐረብ ይጠርጋል። ከፊቱ በሰፌድ ላይ ሞዴሉ አርሶ አደር ካመረተው የተመረጠው ድንች ይደረደራል። ያ ሁሉ ጥቃቅን የት እንደገባ አይታወቅም፤ የዚያን ዕለት አገሩ ውስጥ ትንሽ ድንች የለም። የክብር እንግዳው ትልቁን ድንች በሁለት እጁ ይዞ ፎቶ ይነሳል። ዳኛ የለም፤ ሁሉም አንደኛ ነው። «ይህን ተሞክሮ ቀምረን እናሰፋለን» ተብሎ ይጨበጨባል።

ከዚያ ምሳ። የመጣው እንግዳ ከተጠራው ስለሚበልጥ የተዘጋጀው አይበቃም። ሴቶቹ ሰፌዱን እያዩ ይንሾካሾካሉ፤ ባለቤቱ አንገቱን ይነቀንቃል፤ ሰፌዱ ወደ ማጀት ይገባል። ብዙም ሳይቆይ የሚያጨስ ቅቅል ከሚጥሚጣ ጋር ይወጣል። እንግዶቹ እጅግ ያደንቃሉ፤ ዝርያው ለመቀቀል ተስማሚ መሆኑም በቃለ ጉባኤ ይያዛል።

መኪናዎቹ ከሄዱ በኋላ ቅጹን የሚሞላው ወጣት ባለሙያ ወደ አርሶ አደሩ ጠጋ ይላል።

«አባባ፣ ከተመረጠው ለዘር ስንት ኪሎ አስቀምጠዋል?»

«የተመረጠውንማ አሁን አብረን በላነው፣ ልጄ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ብዬ ልሙላ?»

«ተሞክሮው ሰፍቷል በልና ሙላ።»