ቤቶች!

እኔስ ያ ኩሽና ምን እንደበደለን እስካሁን አልገባኝም። 22 ዓመት ሙሉ ሲያበላን የኖረ ኩሽና ነው። ባለቤቴ ግን አንድ ቀን ከክርስትና ግብዣ ተመልሳ «የሰው ኩሽና አየሁ» አለች። ሴት ወይዘሮ የሰው ኩሽና ካየች በኋላ ቤት ሰላም አያድርም። ይፍረስ ተባለ፤ ፈረሰ። ኮንትራክተሩ «ስድስት ሳምንት ብቻ» ብሎ ማለ። እኛም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን ወጥተን በስተርጅና የልጃችን ቤዝመንት ገባን።

ሻንጣ ስጭን ልጄ «አባዬ፣ ለኢንሹራንሱ ነግረሃቸዋል?» አለችኝ።

«የምወጣው እኔ ነኝ፤ ቤቱ የት ይሄዳል?» አልኳት። ግን አላስቀመጠችኝም፤ ደወልኩ።

ስልኩን ያነሳው ድምፁ ገና ያልጎረነነ ልጅ ነው። «ውሉ የሚሸፍነው የሚኖሩበትን ቤት ነው። አሁን ይኖሩበታል?» አለኝ። ዕዳውን የምከፍል፣ ሣሩን የማጭድ እኔ፤ ለካ ቤቴ ቤቴ የሚሆነው ስተኛበት ነው!

ከዚያ ትምህርቱን ጀመረ። ሰው ወጥቶ ዕቃው ከቀረ ቤቱ «ነዋሪ የሌለበት» ይባላል። ዕቃውም ከወጣ «ባዶ» ነው። ባዶውን ከ60 ቀን በላይ ከቆየ፣ ጎረምሳ ገብቶ ቢያወድመው ወይም መስታወቱ ቢሰበር እነሱ የሉበትም። «በግንባታ ላይ ያለ ቤት ባዶ አይባልም» የሚል መስመርም አለ፤ ኩሽና ማደስ ግንባታ ይሁን አይሁን ግን ጠበቆች ይጣሉበታል። በብርድ ወራት ሂተሩን እንደበራ ሳልተው፣ ውሃውንም ዘግቼ ቧንቧውን ሳላደርቅ ብወጣና ቧንቧው በረዶ ሠርቶ ቢፈነዳ፣ ዕዳው የራሴ ነው።

«እሺ፣ ውጭ ለምናድርበትስ ትከፍላላችሁ?» አልኩ።

«ኩሽናው ተቃጥሎ ቢሆን ኖሮ እንከፍል ነበር። ያፈረሱት ግን በፈቃድዎ ነው።»

እስቲ ፍረዱኝ! ከመዶሻ ይልቅ ክብሪት የሚከበርበት አገር!

የእኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ኒውዮርክ ውስጥ ቤት የገዙ ባልና ሚስት ምስጥ የበላውን ሲያስጠግኑ፣ ገና ሳይገቡበት በ2006 ቤቱ ተቃጠለ። ኢንሹራንሱ «አልኖራችሁበትም» ብሎ አልከፍልም አለ። ክርክሩ የግዛቲቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ2012 ዳኞቹ «ውሉ መኖር ምን ማለት እንደሆነ አልተረጎመም፤ ቃሉ አሻሚ ነው» አሉ። ለአንድ ግስ ስድስት ዓመት! የኔታ ቢጠየቁ ከሰዓት በኋላ ይፈቱት ነበር።

በአገራችን እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ አቤት የሚለው ካጣ ይመለሳል። ኢንሹራንስም እንደዚያው ነው። ልዩነቱ፣ እንግዳው ገንዘብህን ይዞ አይመለስም።

እንግዲህ ምን አማራጭ አለ? ለእድሳቱ ጊዜ የሚሆን ተጨማሪ ውል ጨምሬ ከፍዬ አስጻፍኩ። በስልክ የተባለውን ሁሉ በኢሜይል ድገሙልኝ አልኩ፤ አፍ ይክዳል፣ ጽሑፍ አይክድም። ኮንትራክተሩንም የራስህን ኢንሹራንስ ወረቀት ካላሳየኸኝ ሚስማር አትመታም አልኩት። ይህም አላስተኛኝ ብሎ፣ በየቀኑ በአውቶቡስ እየሄድኩ የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጬ ቡናዬን ከፔርሙዝ እጠጣ ነበር። ሠራተኞቹ ተቆጣጣሪ እመስላቸዋለሁ፤ እኔ ግን እየኖርኩ ነበር።

ስድስቱ ሳምንት አምስት ወር ሆኖ አለቀ። ኩሽናው፣ አልዋሽም፣ መስታወት ነው። በተመለስን ማግስት ሽንኩርት ልከትፍ ስል ባለቤቴ ቢላዋውን ቀማችኝ። «በአዲሱ ካቢኔት ላይ ቁሌት? ይሸታል እኮ!» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወጥ የሚሠራው ጋራዥ ውስጥ ነው፤ የምንበላውም እዚያው ቆመን ነው።

ትናንት ቆጠርኩ፤ አዲሱ ኩሽና ሰው ሳይገባበት 61 ቀን ሆነው። ልደውልና ላስታውቅ ይሆን?